ዳግም መድረክ የሚገባቸው የቆዩ ተውኔቶች፦ ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ ግምገማ

የቆየ ተውኔት እንደገና ይታይ ሲባል በአገራችን አስቀድሞ የሚጠራው የደራሲው ስም ነው። ስሙ የገነነ ደራሲ የጻፈው ሁሉ መድረክ ላይ ይሠምራል ተብሎ ስለሚታመን ምርጫው የሚያልቀው ገና ጽሑፉ ሳይገለጥ ነው። በዚህ ግምገማ የምከተለው መለኪያ ሌላ ነው። ተውኔቱ ዛሬ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ አዳራሽ ቢቀርብ ትኬት ቆርጦ የገባው ሰው ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ሙግት ይገጥማል ወይ? ዘፈን ካለበትስ፣ ዘፈኑን በማሲንቆና በከበሮ አጅበው የሚያዜሙ ሰዎች እዚሁ ይገኛሉ ወይ? ለሁለቱም ጥያቄዎች «አዎ» የሚያሰኝ ተውኔት ቢያረጅም ይነሣ፤ ለአንዱም የማይመልስ ደግሞ የቱንም ያህል ቢከበር መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ በክብር ይቀመጥ እላለሁ።

ለመገምገም ያበቃኝ በከተማችን ካሉ የአማተር ከያንያን ጋር የቆዩ ተውኔቶችን ድምፅ እያሰሙ የማንበብ ልማዳችን ነው። አልባሳትም ሆነ የመድረክ ግንባታ የለም፤ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጽሑፉን በእጅ ይዞ፣ ለመጣው ሰው ማንበብ ብቻ ነው። ተውኔት የሚፈተነው በዚህ ጊዜ ይመስለኛል፤ መብራትና መጋረጃ የሚሸፍኑለት ድክመት ሁሉ ራቁቱን ይቀራል።

በዚህ ፈተና ከሁሉ በላይ የጸናው የመንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ» ነው። ከመኳንንት ወገን የተወለደ፣ ባሕሩ የሚባል ወጣት ምሁር ሹመቱንና ከተማውን ትቶ ገጠር ይገባል፤ በዚያም ትምህርት ቤት ከፍቶ ያስተምራል፤ ልቡ ግን በቤቱ በምታገለግለው ልጅ ላይ ያርፋል። አክስቱ ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታ በዘርና በማዕረግ የምትመጥነውን ልታጋባው ትሞክራለች። ነገሩ ሲጠቀለል ይህ ነው፤ ቀላልነቱ ግን ያታልላል። ደራሲው በቤተ ክህነትም በለንደንም የተማሩ በመሆናቸው ሳይሆን አይቀርም፣ ለሁለቱም ወገን እኩል አንደበት ሰጥተዋል። አክስቲቱ ሞኝ አይደለችም፤ ክርክሯ ሥርዓት አለው፤ ነገር ታውቃለች፤ ተረትና ምሳሌ እንደ ዳኛ ትጠቅሳለች። ምሁሩ ደግሞ ልክ ሲሆን እንኳ አንዳንዴ የሚያናድድ ነው፤ የሕዝብ ፍቅሩ ከመጽሐፍ የተቀዳ መሆኑ በየመሐሉ ይታወቅበታል።

ይህን ተውኔት ስናነብ የአክስቲቱን ክፍል የያዘችው ቀን በባንክ የምትሠራ እናት ነበረች። ነጠላዋን አጣፍታ፣ እግሯን አነባብራ ስለ አጥንትና ስለ ዘር ስትናገር ከኋላ ወንበር የነበሩ አንድ አዛውንት «እውነቷን እኮ ነው!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ ሳይበርድ አንዲት ተማሪ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ልጅቷ የእርስዎ ልጅ ብትሆንስ?» አለቻቸው። አዛውንቱ ጥቂት ዝም ብለው «እሱማ ሌላ ነገር ነው» ሲሉ ሳቁ እንደገና ተነሣ፤ አንባቢዎቹም እስኪበርድ ድረስ ለመጠበቅ ተገደዱ። ከ1950ዎቹ የመጣ ጽሑፍ በጎጃም አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ንግግር የሚያስነሣ ከሆነ አርጅቷል ለማለት አይቻልም። ስለ ጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አካባቢ ዛሬም ከሙያውና ከደመወዙ ቀድሞ የሚጠየቅ ስለሆነ ደራሲው የጻፉት ስለ እኛ ነው ማለት ይቀላል። ለዝግጅትም አይከብድም፤ ትልቅ የመድረክ ግንባታ አይጠይቅም፤ የአክስቲቱን ክፍል ለሚገባት ተዋናይት መስጠት ግን ግድ ነው። የገጠሩን ሕዝብ የሚወክሉት ገጸ ባሕርያት በአስቂኝ የገበሬ አነጋገር እንዲናገሩ የሚያደርግ አዘጋጅ ካለ ግን እዚህ ባያመጣው ይሻላል፤ ጎጃም ውስጥ የጎጃምን አነጋገር ማስቂያ ማድረግ የሚሳካው ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው።

የዚሁ ደራሲ «ጠልፎ በኪሴ» ይበልጥ ያስቃል፤ ይበልጥም ያሠጋል። የተማሩ የከተማ ወጣቶች ሚስት የማግኛ ዘዴ አድርገው ጠለፋን ሲያቅዱ የሚያሳይ ኮሜዲ ነው፤ ቀልዱም የሚመነጨው በዘመናዊ ትምህርት የተሞላ ጭንቅላት ወደ ጥንቱ ልማድ ሲመለስ ከሚፈጠረው መወናበድ ነው። ተውኔቱ በተጻፈበት ዘመን ይሠራ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ተጠላፊዋ ከጠላፊው ጋር በፈቃዷ ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች ክስ እንዳይቀርብ በር ይከፍት ነበር። ይህን በር የዘጋው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ነው። ስለዚህ የያኔው ተመልካች በሳቅ ያለፈውን የዛሬው ተመልካች፣ በተለይም ጠለፋን በታሪክ ሳይሆን በእናቱ ወይም በእኅቱ ሕይወት የሚያውቀው፣ በተመሳሳይ ሳቅ አያልፈውም። እኔ በቅድመ ሁኔታ ይነሣ እላለሁ፤ ቅድመ ሁኔታውም ጽሑፉን መቁረጥና ማረም ሳይሆን የሴቲቱን ክፍል በትወናው መሐል ቦታ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ወንዶቹ በሚቀልዱበት ጊዜ እሷ የምትሰማበትን፣ የምታስብበትንና የምትመልስበትን ጊዜ አዘጋጁ በዝምታ ቢሰጣት ኮሜዲው ሳይሞት ነገሩ ይከብዳል። በፍጥነት ለማሳቅ ለሚቸኩል ቡድን ግን ይህ ተውኔት አይመከርም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው ልምጣ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። በቅኔ አድገው፣ አዲስ አበባ ወርደው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተምረው፣ ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ አውጥተው ግጥምን፣ ዜማንና ትወናን በአንድነት ያስተሳሰሩ የመጀመሪያዎቹ ተውኔት ጸሐፊዎች አንዱ ሆኑ። ጠላት አገራችንን ሲወር ወደ ሱዳን ተሰደዱ፤ ከነፃነት በኋላ ተመልሰው ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይተው በ1939 ዓ.ም. አረፉ። በወረራውና በአርበኝነቱ ዙሪያ የተጻፈው ምሳሌያዊ ተውኔታቸው «አፋጀሽኝ» እና ቀደም ብሎ የተሠራው «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» ስማቸው በትምህርት ቤት ይነገራል፤ መድረክ ላይ ግን የሚያያቸው ሰው ጥቂት ነው። ገጣሚው ዮሐንስ አድማሱ ስለ ዮፍታሔ ሕይወትና ሥራ ባያጠና ኖሮ የምናውቀው ከዚህም ያነሰ በሆነ ነበር።

«ሙዚቃዊ ተውኔት» የሚባለውን ነገር የምንፈልገው ከኒው ዮርክ የቴአትር መንደር ከብሮድዌይ ብቻ ከሆነ የዮፍታሔን ሥራ አላየንም ማለት ነው። በእርሳቸው ዘንድ ዜማው በትዕይንት መካከል ተመልካቹን ለማዝናናት የገባ ጣልቃ አይደለም፤ ነገሩ በንግግር የማይገፋበት ቦታ ላይ ሲደርስ ግጥሙ ዜማ ይሆናል። ኋላ በቴአትር ቤቶቻችን የተለመደው አሠራር፣ ተውኔቱ ለብቻው ታይቶ ዘፈኑና ውዝዋዜው ለብቻው የሚቀርብበት፣ ከዚህ መንገድ የራቀ ነው። ዮፍታሔን ዳግም ማቅረብ ታሪክን ማክበር ብቻ ሳይሆን ያቋረጥነውን የአሠራር መንገድ መቀጠል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ችግሩ የዮፍታሔ ቋንቋ ከባድ መሆኑ ነው ይባላል። በአዲስ አበባ እውነት ሊሆን ይችላል። በምሥራቅ ጎጃም ግን ከዲማ፣ ከዋሸራ ወይም ከራሱ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ የወጣ ሰው ከተመልካቹ መካከል አይጠፋም፤ ቅኔ ባይቆጥር እንኳ ቅኔ ሲዘረፍ ቆሞ ያዳመጠ ሰው ብዙ ነው። ከንባቦቻችን በአንዱ የዮፍታሔን ግጥም አንድ ወጣት ሲያነብ በቀኝ በኩል ከተቀመጡት ካህናት አንዱ፣ ልክ በቤተ ክርስቲያን እንደሚሉት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይበል» አሉ። ቀጥሎ ሌላው አከሉ። ወጣቱ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ግን አንባቢነቱ ተቀየረ፤ ስንኙ ሲያልቅ ማቆምና ለሰሚው ጊዜ መስጠት ጀመረ። ከዚያ ምሽት በኋላ፣ ተመልካቹ እንዳይመልስ በድምፅ ማጉያ የሚደፈን ዝግጅት ለዮፍታሔ አይሆንም የሚል እምነት አደረብኝ።

ስለዚህ «አፋጀሽኝ»ን የሚያነሣ ቡድን ካለ ሁለት ነገር እለምነዋለሁ። ኪቦርዱን ቤት ይተወው፤ ማሲንቆ የሚመታ አዝማሪ በጎጃም ጠፍቶ አያውቅም፤ ዜማው በእርሱ ይታጀብ። ሌላው፣ ምሳሌያዊ ገጸ ባሕርያቱን ወደ ዛሬ ፖለቲካ ለማዞር አይቸኩል። አገርን በሰው አምሳል የሚያቀርብ ተውኔት የራሱ ሰምና ወርቅ አለው፤ ተመልካቹ ወርቁን ራሱ ያወጣዋል፤ አዘጋጁ ባንዲራ አውለብልቦ ከነገረው ግን የሚቀርለት ሰሙ ብቻ ነው።

ከአካባቢያችን ሰዎች ሳልወጣ አንድ ነገር ላንሣ። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በልብ ወለዳቸው ከመታወቃቸው በፊት «የሐበሻና የወደ ኋላ ጋብቻ» የሚል ተውኔት ጽፈዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር መድረክ ላይ ይውጣልን» የሚለው ጥያቄ ደግሞ በደብረ ማርቆስ በየስብሰባው ይነሣል፤ ታሪኩ የእኛ አገር ታሪክ ነውና አይገርምም። በእኔ ግምት ግን ያ መጽሐፍ ከወጋየሁ ንጋቱ የራዲዮ ትረካ የተሻለ መድረክ አላገኘም፤ ሊያገኝም ይከብዳል። የመጽሐፉ ኃይል በዝግታው ላይ ነው፤ በሁለት ሰዓት ተውኔት ውስጥ የሚቀረው የፍቅር ታሪኩ ብቻ ይሆናል። ጉዱ ካሳን ብቻውን መድረክ ላይ አውጥቶ ከመሳፍንቱ ጋር ማሟገት የሚፈልግ ካለ ግን እሱን ለማየት ቀድሜ እሰለፋለሁ።

ከጸጋዬ ገብረ መድኅን ሥራዎች መካከል ብዙዎች «ሀምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን ይጠራሉ። ትርጉሞቹ የአማርኛን ጉልበት ያሳዩ ናቸው፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ያንን አማርኛ ትንፋሹ ሳይቆረጥ የሚሸከም ተዋናይ በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ ቢገኝ ነው፤ ሌሎቹ ከሥሩ ሲንተባተቡ ማየት ደግሞ ያደክማል። «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በዚህ በኩል ይሻላል። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተረሸኑትን የአቡነ ጴጥሮስን የመጨረሻ ሰዓት የሚያሳየው ያ ግጥማዊ ንግግር አንድ ጥሩ ድምፅ፣ አንድ ወንበርና ጸጥታ ካገኘ ይበቃዋል።

የእኔ ምርጫ ግን «እናት ዓለም ጠኑ» ነው። ጸጋዬ ይህን ተውኔት ያመጡት ከጀርመናዊው ቤርቶልት ብሬኽት «እናት ኩራዥ» ነው፤ ብሬኽት ናዚን ሸሽተው በስደት ሳሉ በ1939 እ.ኤ.አ. የጻፉት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በዙሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ሥራ ነው። በአውሮፓ የሠላሳ ዓመት ጦርነት ጊዜ ጋሪ እየጎተተች ለወታደር ስንቅና ዕቃ የምትሸጥ ነጋዴ እናት ጦርነቱ እንዲቀጥል ትፈልጋለች፤ ገበያዋ እርሱ ነውና። ጦርነቱ ግን ልጆቿን አንድ በአንድ ይወስድባታል። መጨረሻ ላይ ዲዳዋ ልጇ፣ በእንቅልፍ ላይ ያለችው ከተማ እንዳትታረድ፣ ጣሪያ ላይ ወጥታ ከበሮ ትመታለች፤ ወታደሮቹ ተኩሰው ይገድሏታል፤ ከተማዋ ግን ትነቃለች። ዘፈኖቹ ተመልካቹን አያባብሉም፤ ታሪኩን አቁመው ያስጠይቁታል።

በአሁኑ ጊዜ ይህን ተውኔት በጎጃም ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም። ጦርነት ለእኛ በመጋረጃ ጀርባ የሚሰማ የተኩስ ድምፅ ቅጂ አይደለምና ተመልካቹ የሚመጣው ከነሐዘኑ ነው። አንዳንድ ወዳጆቼ «ሰው የሚስቅበት ነገር ስጡት እንጂ» ይላሉ፤ ትክክል ናቸው፤ «ያላቻ ጋብቻ»ን ያስቀደምኩትም ለዚህ ነው። ግን የከበሮዋ ትዕይንት አለ። በእኛ አገር ከበሮ የማኅሌትና የሠርግ ነው፤ ያንን ከበሮ አንዲት ንግግር የሌላት ልጅ ከተማ ለማንቃት ስትመታው ማየት ለየትኛውም ወገን የማይወግን ትዕይንት ነው። ተውኔቱ ማንንም አያወድስም፤ እናቲቱንም አይምርም። እንዲህ ያለውን ነገር ለማቅረብ ተኩስን በድምፅ ቅጂ አለማሰማት፣ የወታደሮቹን ልብስ ከየትኛውም የዛሬ ልብስ ጋር አለማመሳሰልና ከተውኔቱ በኋላ አዳራሹን ወዲያው አለመዝጋት ያስፈልጋል፤ ሰው ተቀምጦ መነጋገር ይፈልጋልና።

ከውጭ ሙዚቃዊ ተውኔቶች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ»ን አነሣለሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የተከፈተውና ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ በተከታታይ የታየው ይህ ሥራ በሩሲያ ግዛት በሚገኝ የአይሁድ መንደር ውስጥ የሚኖር፣ አምስት ሴቶች ልጆች ያሉት ወተት ሻጭ ታሪክ ነው። አጋቢዋ ትመጣለች፤ አባት ለሀብታሙ ሥጋ ሻጭ ቃል ይሰጣል፤ ልጅ የወደደችውን ልብስ ሰፊ ካላገባሁ ትላለች። አባት በየመሐሉ ቀና ብሎ ከፈጣሪው ጋር ይነጋገራል፤ ያማርራል፤ ይከራከራል። እንደዚህ ያለ አባት በጎጃም ለማግኘት ርቆ መሄድ አያስፈልግም። ሽማግሌ መላክ፣ ጥሎሽ፣ የልጅ እምቢታ፣ በመጨረሻም ከቀዬ መፈናቀል፤ አንዱም ማብራሪያ አይፈልግም። ነገር ግን ሥራው የባለመብቶች ፈቃድና ክፍያ የሚጠይቅ፣ ሙዚቃውም ብዙ ተጫዋቾችን የሚፈልግ በመሆኑ የእኛን ዓይነት አማተር ቡድን አቅም ያልፋል። እንደ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል ያለ፣ ሙዚቀኞችና ተወዛዋዦች ያሉት የባሕር ዳር ተቋም ቢሞክረው ግን ደስ ይለኛል። ያን ጊዜም ዜማውን እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ ከባለመብቱ ተፈቅዶ በአገራችን ቅኝት ቢሠራ የተሻለ ይሆናል።

የማላነሣቸውም አሉ። የከበደ ሚካኤል «አኒባል» ለንባብ ያማረ ግጥም ነው፤ መድረክ ላይ ግን ሰዎቹ ቆመው ይናገራሉ፣ ሌሎቹ ቆመው ይሰማሉ። የክብር ንግግር ሲደራረብ የኛን ሰው የሚያስታውሰው የወረዳ ስብሰባ ነው። በቴዎድሮስ ላይ የተጻፉት ተውኔቶች ደግሞ ከግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ጀምሮ በርካታ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ውበት አላቸው። ንጉሡ ግን በመድረኮቻችን ላይ ሽጉጡን ያነሣበትን ጊዜ ሁሉ ስናስብ ለጥቂት ዓመታት ቢያርፍ አይከፋውም። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ኮሜዲያ የዘመናዊ ተውኔታችን መጀመሪያ ነው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን እንዳይታይ መከልከሉም ይታወቃል። ለዛሬ መድረክ የምመርጠው ግን ለልጆች ብቻ ነው፤ አውሬ ሆኖ መጫወት የሚወድ ተማሪ በየትምህርት ቤቱ ሞልቷል፤ ምሳሌውንም ከአዋቂው ይልቅ ልጅ ቶሎ ይይዘዋል።

በመጨረሻ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ወቅቱና ስለ ገንዘቡ። በየከተማው ያሉት አዳራሾቻችን አብዛኞቹ ቆርቆሮ ጣሪያ ናቸው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ሲወርድ የተዋናዩ ድምፅ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሳይደርስ ይቀራል፤ ግጥም ያለበት ተውኔት በክረምት ማቅረብ ገንዘብ ማባከን ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ይሻላል፤ ጥር የሠርግ ወር ስለሆነ አዝማሪውም ተመልካቹም አይገኝም። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድሞ ታስቦ ጄኔሬተር ቢዘጋጅ መልካም ነው፤ ካልተገኘም በቀን ብርሃን መስኮት ከፍቶ ማሳየት ይቻላል፤ «ያላቻ ጋብቻ» በዚህ አይጎዳም።

ገንዘብ የሌለው፣ ሦስት ሰው ብቻ ያለው ቡድን ደግሞ ከመንግሥቱ ለማ «ዳንዴው ጨቡዴ» ይጀምር። ከቼኾቭ «ድብ» የተመለሰ አጭር ኮሜዲ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ብድሩን ሊያስከፍል የመጣ ሰውና አንድ አሽከር በአንድ ክፍል ውስጥ ይጨርሱታል። ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ሽጉጥ የሚመስል እንጨት ከተገኘ በቀጣዩ ቅዳሜ ልምምድ መጀመር ይቻላል።